ዴስክቶፕ ላይም ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ያስፈልጋል፦ «ትርፍ ሸክም ነው» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዴቨሎፐሮች ሲቀባበሉት የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ዴስክቶፕ አፕሊኬሽን ለሚሠራ ሰው ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ትርፍ ሸክም ነው ይላል። አምስት ምክንያት ያቀርባል። አንደኛ፣ ነገሩ የዌብ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ሪኩዌስት (ከብራውዘር የሚመጣ ጥያቄ) ስለሌለ ቦታ የለውም፤ ሲሞከርም ሜሞሪው ያብጣል። ሁለተኛ፣ ኮንቴይነር (ክላሶቹን ራሱ እየፈጠረ የሚያገናኝ ላይብረሪ) ማስገባት ትንሹን ፕሮግራም ያወሳስበዋል፤ ለእያንዳንዱ ክላስም ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ ብቻ የሚገልጽ ውል) ያስጽፋል። ሦስተኛ፣ ፍሬምወርኮቹ ራሳቸው አይፈቅዱም፤ ዲዛይነሩ (መስኮት በእይታ የሚደረደርበት መሣሪያ) የሚፈልገው ባዶ ኮንስትራክተር ነው፤ ማለትም ክላሱ ሲፈጠር ከውጭ ምንም የማይቀበል። አራተኛ፣ አንድ ስታቲክ ክላስ (ሳይፈጠር ከየትም ቦታ የሚጠራ) ያንኑ ሥራ ይሠራል። አምስተኛ፣ ዴስክቶፕ የሚፈተሸው ማውዝ ይዞ እየተጫኑ ስለሆነ፣ ካስፈለገም ስክሪኑን ራሱ የሚጫን አውቶሜሽን ስለሚበቃ፣ የቴስት ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ከሥራ የመጣ መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን ጀማሪዎች አምነው ሲያጋሩት እያየሁ ዝም ማለት ከበደኝ። እኛ አገር ሱቁም፣ ፋርማሲውም፣ መጋዘኑም ዛሬም በዴስክቶፕ ፕሮግራም ይሠራል። እዚያ ያለው ኮድ የሰው ገንዘብና የሰው ዕቃ ይቆጥራል። ስለዚህ ምክሩ ሲሳሳት የሚጎዳው ኮዱን የጻፈው ሰው ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንስማማ። አንድ ክላስ ሥራውን ለመሥራት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ ዳታቤዝ፣ ፕሪንተር፣ ሰዓት። ያንን ነገር ራሱ ውስጡ «ኒው» ብሎ ከፈጠረው፣ ከዚያ ነገር ጋር ታስሮ ይቀራል። በኮንስትራክተሩ በኩል ከውጭ ከተቀበለው ግን ማን እንደሰጠው አያገባውም። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ መሣሪያ ነው።

ከአምስተኛው ነጥብ ልጀምር፤ ዋናው ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ሱቅ ፕሮግራም እንውሰድ። ካሸሯ ዕቃውን መዝግባ «ሽጥ» የሚለውን በተን ትጫናለች። ከበተኑ ጀርባ ያለውን ኮድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳታቤዝ ይከፍታል። ሽያጩን ያስገባል። ከስቶክ ይቀንሳል። ደረሰኝ ያትማል። በመጨረሻ «ሽያጩ ተሳክቷል» የሚል መልእክት ያወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ሜተድ ውስጥ ነው፤ ሁሉም በ«ኒው» እና በስታቲክ ጥሪ የተሠራ ነው።

አሁን የፕሪንተሩ ወረቀት አለቀ እንበል። ሽያጩ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቷል፤ ስቶኩም ተቀንሷል። ማተሚያው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ኤክሴፕሽን ተነሳ። ካሸሯ የምታየው የስህተት መልእክት ብቻ ነው። ወረቀት ትቀይርና በተኑን ደግማ ትጫናለች። ሌላ ምን ታድርግ? ሽያጩ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ፤ ዕቃውም ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብርና ሲስተሙ የሚለው አይገጥሙም። ጎደለ ተብላ የምትጠየቀው ደግሞ እሷ ናት።

ይህንን ማውዝ ይዞ መፈተሽ ይቻላል? አንድ ጊዜ፣ አዎ። ወረቀቱን ከፕሪንተሩ አውጥቶ፣ በተኑን ተጭኖ፣ ዳታቤዙን ከፍቶ ማየት ነው። ግን ኮዱ በተነካ ቁጥር ይህን የሚደግመው ማን ነው? ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለው እንዲህ ያለው ፍተሻ ነው። ፕሪንተሩ ደንበኛው ጋ፣ ዴቨሎፐሩ ቤቱ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሽያጩን የሚያስፈጽመው ክላስ ፕሪንተሩን በኮንስትራክተር ቢቀበል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቴስቱ ውስጥ «ወረቀት አልቋል» ብሎ ኤክሴፕሽን የሚወረውር የውሸት ፕሪንተር እንሰጠዋለን። ሽያጩን ሁለት ጊዜ እንዲያስፈጽም እናደርጋለን። ከዚያ አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ስቶኩ ስንት ቀነሰ? መልሱ ሁለት ከሆነ ቴስቱ ይወድቃል። ይህ ቴስት የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ በታች ነው። ፕሪንተር አይፈልግም፤ ወረቀትም አይፈልግም። ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ራሱ ይሮጣል።

መልእክት ማሳያዋም የራሷ ጣጣ አላት። «ሜሴጅ ቦክስ ሾው» የሚለው ጥሪ ሰው መጥቶ «እሺ» እስኪል ድረስ ኮዱን ባለበት ያቆመዋል። ቴስት ውስጥ «እሺ» የሚል ሰው የለም፤ ቴስቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ መልእክት ማሳየትም እንደ ፕሪንተሩ ከውጭ የሚሰጥ መሆን አለበት። በፕሮግራሙ ውስጥ እውነተኛውን መስኮት የሚያወጣው ይሰጠዋል። በቴስቱ ውስጥ የተባለውን መዝግቦ ዝም የሚለው ይሰጠዋል።

ከሁሉም ሰዓቱ ይብሳል። ብዙ የሂሳብ ፕሮግራሞቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚሠሩት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጅ ጁላይ 8 ማለት ነው። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ በሆነው ዶትኔት ውስጥ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የተዘጋጀ ክላስ ስለሌለ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መቀየሪያ ይጽፋል፤ ወይም ከሌላ ፕሮጀክት ይገለብጣል። በዚህ መሃል አንድ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ዴቨሎፐሩ የፈረንጁ ዓመት ባለ 366 ቀን መሆኑን ይጠይቅና ጳጉሜን 6ን በዚያ ይወስናል። ይሁን እንጂ ጳጉሜን 6 የምትውለው ከዚያ ዓመት ቀድሞ ባለው ዓመት ነው። ባለፈው የዋለችው በ2015 ዓ.ም. ነበር። የሚቀጥለው በ2019 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። የፈረንጁ 2027 ደግሞ 365 ቀን ነው ያለው። ስለዚህ ያ ኮድ ጳጉሜን 6ን ይዘላትና መስከረም 1 ይለናል። ደረሰኙ ላይ አዲስ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ገባ ማለት ነው።

መቀየሪያው ራሱ ንጹህ ስሌት ስለሆነ ኢንጀክሽን አይፈልግም። ቀን ሰጥቶ ቀን መቀበል ነው። ችግሩ ያለው «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ራሱ የሚጠይቀው ኮድ ውስጥ ነው። የደረሰኝ ቁጥሩን ሐምሌ 1 ከአንድ የሚያስጀምረው፣ የዱቤ ቀን ማለፉን የሚያየው፣ የመድኃኒት ጊዜ ማብቂያን የሚቆጣጠረው። እነዚህ ውስጥ «ዴትታይም ናው» በቀጥታ ከተጻፈ፣ የሐምሌ 1ን ባህርይ ለማየት ሐምሌ 1ን መጠበቅ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚቀይሩ አሉ፤ ግን ሰዓቱ ሲዛባ ኢንተርኔቱ የሰርተፊኬት ስህተት ያወጣል፤ የፋይሎቹ ቀን ይደበላለቃል፤ መልሶ ማስተካከሉም ይረሳል። ሰዓቱ ከውጭ ሲሰጥ ግን በአንድ መስመር ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ላይ እንቆማለን። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጃቫ ከ8ኛው ቨርዥን፣ ከ2014 ጀምሮ «ክሎክ» የሚባል ክላስ አለው። ዶትኔት 8 በኖቬምበር 2023 ሲወጣ «ታይም ፕሮቫይደር»ን ይዞ መጥቷል፤ ለቴስት የሚሆን የውሸት ሰዓትም በፓኬጅ ተዘጋጅቶለታል።

ጸሐፊው ስክሪኑን ራሱ በሚጫን አውቶሜሽን መፈተሽ ይበቃል ብለዋል። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን ዩአይ አውቶሜሽን አለው፤ ይጠቅማልም። ዋና ዋናዎቹን መንገዶች በዚህ መፈተሽ ጥሩ ነው። ግን አውቶሜሽኑ በተኑን ሲጫን ከኋላ ያለው ፕሪንተር እውነተኛው ነው፤ ወረቀት አልጨርስ ይላል። ሰዓቱም የዛሬው ነው። የምንፈራውን ሁኔታ ለመፍጠር ከኋላ ያለውን ነገር መቀየር መቻል አለብን። ወደዚያው ወደ ኢንጀክሽን ተመለስን ማለት ነው።

ደብሊውፒኤፍ (የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ መስኮት መሥሪያ) ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ኮንትሮሎቹ ኤስቲኤ በሚባል ዓይነት ትሬድ (ኮድ የሚሮጥበት መስመር) ላይ ካልተፈጠሩ ኤክሴፕሽን ይወረውራሉ። ቴስት የሚያስሮጡት መሣሪያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌላ ዓይነት ትሬድ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሥራውን ከመስኮቱ አውጥቶ ቪው ሞዴል (የመስኮቱን ዳታና ሥራ የሚይዝ ተራ ክላስ) ውስጥ ማስቀመጥ የግድ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ጎስማን በ2005 ስለ ቪው ሞዴል ሲጽፍ ደብሊውፒኤፍ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር። ቪው ሞዴል ግን ብቻውን አይበቃም። ውስጡ ዳታቤዙን «ኒው» ካለ ያው ችግሩን ከመስኮቱ ወደ ቪው ሞዴሉ አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም።

«የዌብ ነገር ነው» የሚለው ክርክር ታሪኩን ሲያዩት ውሃ አያነሳም። የሶፍትዌር ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለውን ስም በጃንዋሪ 2004 ጽሑፉ ሲያስተዋውቅ የተጠቀመበት ምሳሌ ፊልሞችን በዳይሬክተር የሚፈልግ ትንሽ ክላስ ነበር። በ2005 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ፎርምስ ባወጣው ኮምፖዚት ዩአይ አፕሊኬሽን ብሎክ ውስጥ ኢንጀክሽን ነበር። በ2008 ለደብሊውፒኤፍ የወጣውና በኋላ ፕሪዝም በሚል ስም የቀጠለው ሥራ ከዩኒቲ ኮንቴይነር ጋር ነበር የመጣው። ኮድ መጻፊያው ኤክሊፕስም በ2012 ከ4.2 ጀምሮ ፕላትፎርሙ ራሱ በ«ኢንጀክት» ምልክት ይሠራል፤ ኤክሊፕስ ደግሞ ከዴስክቶፕ በላይ ዴስክቶፕ ነው። የማይክሮሶፍት የዌብ ፍሬምወርክ ኤኤስፒ ዶትኔት ኮር ኮንቴይነር በውስጡ ይዞ የወጣው በ2016 ነው። የማይክሮሶፍትን ዓለም ካየን ዴስክቶፑ ቀድሟል።

ሆኖም እዚህ ነጥብ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። ዌብ ላይ ሪኩዌስት ሲያልቅ ስኮፑም (የተፈጠሩት ነገሮች የሚቆዩበት ጊዜ) ያልቃል፤ ዳታቤዝ ኮንቴክስቱም (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ነገር) አብሮ ይዘጋል። ዴስክቶፕ ላይ ማንም አይዘጋልህም። ፕሮግራሙ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው። ከዌብ የለመዱትን እንዳለ ገልብጠው የሚያመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ዳታቤዝ ኮንቴክስቱን ከዋናው ኮንቴይነር በቀጥታ ሲያወጡት ቀኑን ሙሉ አንዱ ብቻ ይኖራል። ያነበበውን ሁሉ እየያዘ ሜሞሪው ያብጣል። ሌላኛዋ ካሸር ዋጋ ስትቀይር ይህኛው መስኮት የድሮውን ያሳያል። የማይክሮሶፍቱ ኮንቴይነር ደግሞ ዲስፖዝ የሚደረጉ (ሥራቸው ሲያልቅ መዘጋት ያለባቸው) ነገሮችን፣ ትራንዚየንት (በተጠየቁ ቁጥር አዲስ የሚፈጠሩ) ቢሆኑም እንኳ፣ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይዟቸው ይቆያል። ከዋናው ኮንቴይነር መቶ ጊዜ ከወሰድክ መቶውም ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጠዋል።

መፍትሔው ኢንጀክሽንን መተው አይደለም። የዴስክቶፕ ስኮፕ መስኮቱ ነው፤ ወይም አንዱ ሥራ ነው። መስኮት ሲከፈት ስኮፕ ክፈት፤ ሲዘጋ ዝጋው። ለዳታቤዝ ደግሞ ኮንቴክስቱን ሳይሆን ኮንቴክስት የሚፈጥረውን ፋክተሪ ስጠው። የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ላይብረሪ ኢኤፍ ኮር 5 በ2020 ይህን ፋክተሪ ራሱ አዘጋጅቶ አቅርቧል። ክላሱ ሥራ ሲኖረው አንድ ይፈጥራል፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋዋል። ኮንቴይነሩ ሲገነባም ስኮፕ እንዲመረምር የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ነው፤ ከዋናው ኮንቴይነር በስህተት የተጠየቀ ስኮፕ ያለው ነገር ካለ ወዲያው ይጮኻል። ጸሐፊው ያዩት የሜሞሪ ችግር ይህ ይመስለኛል። ችግሩ እውነት ነው፤ የተወቀሰው ግን ሌላ ነው።

ፍሬምወርኮቹ አይፈቅዱም የሚለው ነጥብ ግማሹ ልክ ነው። ዛምል (የደብሊውፒኤፍ መስኮቶች የሚጻፉበት ቋንቋ) ውስጥ የተጻፈ ኮንትሮል ባዶ ኮንስትራክተር ይፈልጋል። ይሁንና ዋናው መስኮት ዛምል ውስጥ መፈጠር የለበትም። ደብሊውፒኤፍ ላይ አፕ ዛምል ውስጥ ያለውን «ስታርትአፕ ዩአርአይ» አጥፋውና «ኦንስታርትአፕ» ውስጥ መስኮቱን ራስህ ፍጠረው። ያኔ የምትፈልገውን ሁሉ በኮንስትራክተር ታስገባለህ። የመስኮቱ ዳታ ኮንቴክስት ቪው ሞዴሉ ነው፤ ቪው ሞዴል ደግሞ ተራ ክላስ ስለሆነ ስንት ነገር እንደሚቀበል የሚከለክለው የለም።

ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዲዛይነሩ አንድን ፎርም ሲከፍት የሚፈጥረው ፎርሙን ራሱን አይደለም፤ ፎርሙ የወረሰውን ቤዝ ክላስ ነው። የአንተን «ኢኒሻላይዝ ኮምፖነንት» ያነብና በዚያ ላይ ይደረድራል። ስለዚህ ቀጥታ ከ«ፎርም» የወረሰ ክላስ ኮንስትራክተሩ ፕሪንተርና ሰዓት ቢቀበልም ዲዛይነሩ ላይ በደንብ ይከፈታል። የሚያስቸግረው ፎርም ላይ ጎትተህ የምታስቀምጠው ዩዘር ኮንትሮል ነው፤ እሱን ዲዛይነሩ በቀጥታ ስለሚፈጥረው ባዶ ኮንስትራክተር የግድ ነው። እዚያ ላይ ኮንትሮሉን ደደብ አድርገህ ተወው። ያሳይ፣ ሲጫኑት ኢቬንት ያውጣ፤ ሥራውን ፎርሙ ወይም ፕሬዘንተሩ ይሥራው። የጃቫ የዴስክቶፕ መሥሪያ በሆነው ጃቫ ኤፍኤክስ ላይ ደግሞ ኤፍኤክስኤምኤል ሎደሩ «ኮንትሮለር ፋክተሪ» ይቀበላል፤ ኮንትሮለሩን ማን እንደሚፈጥረው አንተ ትወስናለህ። በሜይ 2022 የወጣው የማይክሮሶፍት የአፕ መሥሪያ ማዊ እንዲያውም ኮንቴይነሩን ከመጀመሪያው ፋይል ጀምሮ ያቀርብልሃል።

አራተኛው ነጥብ፣ ስታቲክ ክላስ ያንኑ ይሠራል የሚለው፣ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የሚመስል ነገር ስላለው ሰው ያሳስታል። «አፕ ከረንት» ብሎ ወይም «ሰርቪስስ ጌት» ብሎ ከየትም ቦታ መጥራት ይመቻል። ነገር ግን የዚያን ክላስ ኮንስትራክተር ስታየው ባዶ ነው። ምንም የማይፈልግ ይመስላል። ቴስት ስትጽፍለት ይፈነዳል፤ ምክንያቱም ውስጡ መስመር 140 ላይ ፕሪንተር ይጠይቃል። ትሞላለታለህ። እንደገና ይፈነዳል፤ መስመር 210 ላይ ደግሞ ሰዓት ይጠይቃል። የሚያስፈልገውን የምታውቀው ሙሉውን ኮድ አንብበህ ነው።

ቴስቶቹ ሲበዙ ይብሳል። የዶትኔት የቴስት መሣሪያ የሆነው ኤክስዩኒት የተለያዩ የቴስት ክላሶችን ጎን ለጎን ነው የሚያስሮጠው፤ ካልከለከልከው በስተቀር። አንዱ ቴስት ስታቲኩ ውስጥ ሰዓቱን ጳጉሜን 6 ያደርገዋል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ሐምሌ 1 ያደርገዋል። አንዴ ያልፋሉ፤ አንዴ ይወድቃሉ። ብቻቸውን ስታስሮጣቸው ሁሌም ያልፋሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡድኑ «እሱ ቴስት እንዲሁ ነው፣ ተወው» ማለት ይጀምራል። በኮንስትራክተር የሚሰጥ ሰዓት ግን የየቴስቱ የግል ሰዓት ነው፤ ማንም አይነካበትም።

የቀረው ሁለተኛው፣ ኮንቴይነር ያወሳስባል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ ከሚመስለው በላይ እንስማማለን። አሥራ አምስት ክላስ ላለው የሱቅ ፕሮግራም ኮንቴይነር አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ በአንድ ቦታ፣ በእጅህ ደርድረው። ሰዓቱን ፍጠር፣ ፕሪንተሩን ፍጠር፣ ሽያጩን ከሁለቱ ጋር ፍጠር፣ መስኮቱን ከሽያጩ ጋር ፍጠር። ስለ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን መጽሐፍ የጻፈው ማርክ ሲማን ይህን ያለ ኮንቴይነር የሚሠራ አካሄድ ፑር ዲአይ ይለዋል፤ ዲአይ የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን አጭር ስም ነው። አንድ ነገር ስትረሳ የሚነግርህ ኮምፓይለሩ ነው፤ ኮንቴይነር ቢሆን ግን የምታውቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ዝርዝሩ ረዝሞ ማስተዳደር ሲያቅትህ ያን ጊዜ ኮንቴይነር አምጣ።

ለእያንዳንዱ ክላስ ኢንተርፌስ መጻፍም አያስፈልግም፤ በዚህም ልክ ናቸው። 15 በመቶ ቫት የሚያሰላ ክላስ ኢንተርፌስ ምን ያደርግለታል? በቀጥታ ጥራው፤ በቀጥታ ፈትሸው። ኢንተርፌስ የሚገባቸው ከፕሮግራሙ ውጭ ያለውን ዓለም የሚነኩት ናቸው። ፕሪንተር፣ ሰዓት፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ መልእክት ማሳያ። በአንድ የሱቅ ፕሮግራም ውስጥ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከድሮ ኮድ ጋር የምትታገል ከሆነ ሁሉን በአንዴ መቀየር አይጠበቅብህም። በሰዓቱ ጀምር። «ዴትታይም ናው» የሚለውን ፕሮጀክቱ ውስጥ ፈልግና ገንዘብ ወይም ቀን ገደብ የሚነካውን አንዱን ክላስ ምረጥ። ሰዓት የሚቀበል ኮንስትራክተር ጨምርለት። ባዶውን ኮንስትራክተርም አትሰርዘው፤ እውነተኛውን ሰዓት ይዞ አዲሱን እንዲጠራ አድርገው። እሱን የሚጠሩት ሌሎች ቦታዎች ምንም ሳይነኩ እንደነበሩ ይሠራሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቴስት ጻፍ፦ ሰኔ 30 ማታ የተቆረጠ ደረሰኝና ሐምሌ 1 ጠዋት የተቆረጠ ደረሰኝ ቁጥራቸው ስንት ነው? ያ ቴስት ካለፈ በኋላ ወደ ፕሪንተሩ ሂድ።